ሦስተኛው ድገም

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። ለፖሊስ ዋሽቻለሁ፣ ለቤት አከራይ ዋሽቻለሁ፣ የስደተኛ ወረቀት ለሚሰጡት ሰዎች ዕድሜዬን ቀንሼ ተናግሬያለሁ። እነዚህን ለንስሐ አባቴ ነግሬ፣ እሳቸውም ተቆጥተውኝ፣ ነገሩ አልቋል። አንዱ ውሸት ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «አየሩ ነው» አልኩ። ያልኩትም ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ዓርብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጾም በያይነቱ በቀረበበት ገበታ ላይ ነው።

ያኔ በአገሬ ሰዎች ምግብ ቤት ውስጥ የወጥ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ሲባል፣ ሽንኩርት የምትከትፈው ሴት በቀረች ቀን የምከትፈው እኔ ነኝ ማለት ነው። ከዚያ በፊት፣ አገሬ ሳለሁ፣ ወታደር ነበርኩ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ሴት ነኝ፣ ቁመቴም ከበርሜል ብዙም አይበልጥም። የተኮስኩት ጥይት የለም። የድሮው ጦር ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ከላይ የመጣውን ትእዛዝ በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼ፣ ጽፌ፣ ታች ላለው ክፍል አስተላልፋለሁ። ጦሩ ሲበተን በሞያሌ በኩል ወጣሁ።

ሬዲዮ ያስተማሩኝ ሃምሳ አለቃም ናይሮቢ ነበሩ። መሃል ከተማ፣ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ እግር በማታስዘረጋ ቦታ ተቀምጠው ሞባይል ይጠግናሉ። ሁለታችንም የምንኖረው ካሳራኒ ሰፈር ነው፤ እሳቸው አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ከመንገዱ ማዶ ምድር ቤት። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የቀረቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። እሷም ስሙን የማልጠራው አንድ ጎረቤት አገር ሄዳ፣ የዚያን አገር ወታደር አግብታ፣ በአንዲት የገበያ ከተማ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ባልዋ ኦፕሬተር ነው። በአንድ ዘመን የዚያ አገር ወታደሮች እኛ ዘንድ እየመጡ ይሠለጥኑ ስለነበር፣ አማርኛውንም ሬዲዮውንም ያስተማሩት ሃምሳ አለቃ ናቸው። ኋላ ልጃቸውንም ሰጡት። «ከተማሪዎቼ ሁሉ ጆሮ ያለው እሱ ብቻ ነው» ይሉ ነበር፤ ይህን ሲሉ እኔ አጠገባቸው መቀመጤን እየረሱ።

ሙያችን አንድ ምሥጢር ነበረው። ዛሬ የሚጎዳው ሰው ስለሌለ እናገረዋለሁ።

ድሮ፣ ትእዛዝ ከአዛዡ አፍ ወጥቶ መድፉ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በመሃል ሰው ነበረ። ሬዲዮው ይንጫጫል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ስለዚህ ኦፕሬተር ያልሰማውን «ድገም» የማለት መብት አለው። ሃምሳ አለቃ ይህችን መብት ለሌላ ነገር አዋሏት። መልእክቱ የዱቄት ወይም የነዳጅ ከሆነ ወዲያው እንጽፋለን። ሰው የሚያስገድል ከሆነ ግን ጥርት ብሎ ቢሰማንም «አልተሰማም፣ ድገም» እንላለን። ሲደገም «ድገም»። እንደገና ሲደገም «ድገም»። ከሦስተኛው ድገም በኋላ ይጻፋል፣ «ተቀብያለሁ» ይባላል፣ ይተላለፋል። ከሦስት ማለፍ የለም፤ ካለፈ ይነቃብናል።

ይህን ማንም በቃል አላስተማረኝም። በመጀመሪያው ዓመት አጠገቤ ይቀመጡና፣ ብዕሬን ወረቀቱ ላይ ላሳርፍ ስል አንጓዬን ያዝ ያደርጉኝ ነበር፤ በቃ ይኸው ነው። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

ሃያ ዓመቴ ሳለ፣ ማዘዣ ጣቢያው ከአንድ ተራራ ሥር ያለ የውኃ ጉድጓድ በመድፍ እንዲመታ አዘዘ። የሚናገረውን መኮንን በድምፁ አውቀዋለሁ፤ ተናዷል። አየሩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። ድገም አልኩ። ደገመና ሰደበኝ። ድገም አልኩ። እናቴን ጨምሮ ሰደበኝ። ሦስተኛውን ስል ሬዲዮው ዝም አለ። ከቆይታ በኋላ ሌላ ድምፅ መጣና «የቀደመው ይሰረዝ፤ እዚያ ያሉት የእኛ ናቸው» አለ። ውኃ ሊቀዱ የወረዱት የራሳችን ልጆች ነበሩ።

ሁልጊዜ እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ አላታልልም። አብዛኛው ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ተደግሞ ይሄዳል፣ ሰው ይሞታል፣ እኛም ራት እንበላለን። ግን አንዳንዴ ይሰረዝ ነበር። አዛዥም ሰው ነውና፣ የራሱን ቃል ሦስት ጊዜ ከራሱ አፍ ሲሰማ አንዳንዴ ይደነግጣል። እንዲህ ሲያደርግ የተያዘ ኦፕሬተር ግን ይረሸናል። ስለዚህ «ለምን አስደገምሽ?» ለሚል መኮንን የምንሰጠው መልስ አንድ ነበር። «አየሩ ነው ጌታዬ» እንላለን። ይህ መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ ምላሴ ላይ ተሰፍቶ ኖሯል።

ከምግብ ቤታችን በላይ ባለው ፎቅ የኮምፒውተር መረብ የሚዘረጋ አንድ ድርጅት ነበረ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ከየአገሩ ሥራ ይጎርፍላቸው ነበር። ከመሐንዲሶቹ አንዷ የአገሬ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ናይሮቢ ያደገች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ስትስቅ ፎቁ የሚሰማ። ምሳዋን እኛ ዘንድ ትበላለች። ሃምሳ አለቃም ዓርብ ዓርብ በማታቱ፣ በናይሮቢው ሚኒባስ ታክሲ፣ ከመሃል ከተማ እየመጡ ከእኔ ጋር ስለሚበሉ፣ ሦስታችን አንድ ገበታ ላይ መገናኘት ለምደናል።

ያን ዓርብ ላፕቶፗን ከሽሮው አጠገብ ዘርግታ ስለ አዲሱ ሥራቸው ነገረችን። ያ ስሙን የማልጠራው አገር የጦሩን መገናኛ ሊያዘምን ነው። የአዛዡ ትእዛዝ፣ የስንቁ ጥያቄ፣ የመኪናው ስምሪት፣ የሕመምተኛው ዝርዝር ሁሉ በአንድ መረብ ይሄዳል፤ ሁሉም ክፍል በአንድ ዓይነት ማሽን ይጠቀማል። ሃምሳ አለቃ የአገሩን ስም ሲሰሙ ቀና አሉ።

«የድሮ ሎግ ቡካቸውን፣ የመልእክት ደብተሩን፣ ስካን አድርገው ላኩልን» አለች። «አንቲ፣ ኤቭሪ ፔጅ ላይ ሪፒት፣ ሪፒት፣ ሪፒት ነው። ክዋኒ፣ ለመሆኑ ምን ሆነው ነው? አንድ ኦርደር ለማስተላለፍ ይሄ ሁሉ ደቂቃ! ኮንትራቱ ራሱ ይሄን ዲሌይ አጥፉልን ነው የሚለው። እናንተ ሬዲዮ ላይ ነበራችሁ አይደል? ለምንድን ነው የሚያስደግሙት?»

መልሱ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ጠያቂዋ መኮንን አልነበረችም፣ የሚረሽነኝም አልነበረም፣ ከአገሬም ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አፌ ግን ይህን ሁሉ አላወቀም።

«አየሩ ነው» አልኩ።

የሃምሳ አለቃ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ በአየር ላይ ቆመ። አዩኝ። ከዚያ ጉርሻውን ጎርሰው ማላመጥ ጀመሩ።

«ፐርፌክት!» አለችና ጻፈችው። «ሳተላይቱ ላይ እንደዚያ ዓይነት ችግር የለም። ስለዚህ መሃል ላይ ያለውን ስቴፕ እናወጣዋለን።»

መሃል ላይ ያለው ስቴፕ እኛ ነበርን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ወደ ካሳራኒ ስንመለስ ማታቱው ሙዚቃውን ለቆት ስለነበር ለመነጋገር ጆሮ ለጆሮ መጠጋት ነበረብን። ልንገራት ወይ አልኳቸው።

«የልጄ ባል በዚያ ደብተር ላይ ስንት ቦታ ፈርሟል መሰለሽ?» አሉኝ። «ዛሬ ብትነግሪያት ነገ ሪፖርት ላይ ትጽፈዋለች። ከነገ ወዲያ ግድግዳ ሥር ያቆሙታል። ዝም አይነቅዝም፣ ተይው።»

«ዝም ካልን ደግሞ ድገም የሚል አይኖርም።»

«አውቃለሁ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እውነታቸውን ነው ብዬ ተውኩት። ግን የራሴን ፍርሃት በልጃቸው ባል አላመካኝም። እኔም ለራሴ ፈርቼ ነበር። ስንትና ስንት ትእዛዝ ያዘገየሁ ሰው መሆኔን ያቺ መሐንዲስ ብታውቅ፣ «ማን ሾመሽ?» ትለኛለች ብዬ።

ደግሞ ዝም ብዬ መቀመጥም አቃተኝ። በሳምንቱ መሐንዲሷን ይዣት፣ ማሽኑ ራሱ አዛዡን ሦስት ጊዜ እንዲጠይቀው አድርጊ አልኳት። «እርግጠኛ ነህ?» ይበለው፤ እሺ ሲል ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጠይቀው። ሳቀች፤ ግን ወደደችው፤ ሠርታም አሳየቻቸው። በወሩ ከዚያ አገር ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

«ጄኔራሎቹ ተቆጡ፣ አንቲ። ማሽን እኛን ሦስት ጊዜ የሚጠይቀን ሕፃን ነን ወይ አሉ። ለምን እንደሚያስፈልግ ሪዝን ስጪን ሲሉኝ ደግሞ ምንም የምለው አጣሁ። አንዱን ብቻ ተዉልን፤ ኦኬ የሚል።»

ምክንያቱ እኔ ሆድ ውስጥ ነበረ። አሁንም አልሰጠኋትም።

«እሺ፣ አሁን በመሃል ያለው ማነው?» አልኳት።

«ኖባዲ፣ አንቲ» አለች። «ነገሩ እኮ እሱ ነው።»

ሥራው ያለቀ ዕለት ድርጅቱ ሰዎቹን ይዞ ምግብ ቤታችን ጥብስ አበላ። ሃምሳ አለቃንም «የሬዲዮ አማካሪያችን» ብለው ጋበዟቸው። ልጅቷ ላፕቶፗን ከፍታ ናሙና መልእክት ላከች። ገና ጣቷን ሳታነሣ አረንጓዴ ምልክት በራ፤ «ደርሷል» ይላል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ።

«ያየው ሰው አለ?» አሏት።

«ደርሷል ነው የሚለው፣ አንክል።»

«መድረሱንስ እኔም አየሁ። ያየው ሰው አለ ወይ ነው የምልሽ።»

ልጅቷ የሚቀልዱ መስሏት ትከሻቸውን አቀፈቻቸው። እኔ ወደ ወጥ ቤት ገብቼ ያላቃጠልኩትን ድስት መፈተግ ያዝኩ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ወደ ልጃቸው ይደውላሉ። ካርዱን እኔ እፍቃለሁ፣ እሳቸው ቁጥሩን ያስገባሉ፣ ድምፁን ከፍ አድርገው ጆሯቸው ላይ ሲይዙት እኔም አጠገባቸው ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ባልዋ ነው የሚያነሣው።

«አባባ፣ ሥራዬን ማሽን ወሰደው» አለ አንድ እሑድ እየሳቀ። «የመድፈኛው አዛዥ ዘንድ የራሱ ስክሪን ገብቷል። እኔ ወረቀቱን አትሜ ፋይል ማድረግ ነው የቀረኝ።»

«ከመታተሙ በፊት ታየዋለህ?» አሉት።

«ካለፈ በኋላ አየዋለሁ።»

ሃምሳ አለቃ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩት። ሁለቱም ጆሮዎቻቸው ደህና ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ የሚመጣው ወሬ እየከፋ ሄደ። ከጦሩ የተወሰኑት አምፀው ከሰፈሩ ወጥተዋል አለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ያመፁት ከነመሣሪያቸው ገበያው ውስጥ ይውላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ማንም አይነካቸውም አለን። ሚስቱ ስልኩን ቀማችውና «አባዬ፣ ደህና ነን፤ ጨርቅም ይገዙኛል እኮ» አለች። ወደ ናይሮቢ ነይ አሏት። ዝናቡ ሲያቆምና መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ አለች። ክፍሉን የማጸዳልሽ እኔ ነኝ፣ አልጋዬን እለቅልሻለሁ አልኳት። ሳቀች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሃምሳ አለቃ ለብዙ ጊዜ በእጃቸው ይዘውት ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ምሳ ሳይደርስ፣ መሐንዲሷ ከፎቅ በደረጃ እየሮጠች ወጥ ቤት ድረስ ገባች። ከዚያ በፊት ወጥ ቤት ገብታ አታውቅም።

«አንቲ፣ ከዚያ አገር ደውለው ነው። አንድ የመድፍ ኦርደር ሄዷል። አዛዡ ራሱ ነው የላከው፤ አሁን ግን መልሱልኝ ይላል። የፈለጋቸው፣ ያመፁት ሰዎች፣ ማለዳ ከቦታው ወጥተው ሄደዋል። ሲስተሙ ላይ መመለሻ የለም። እናንተ ድሮ የተላከ ኦርደር እንዴት ነበር የምትመልሱት?»

«አንመልስም ነበር» አልኳት። «እናዘገይ ነበር።»

አልገባትም። ያን ጊዜ፣ ቢላውን እንደያዝኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሦስቱን ድገም፣ የውኃ ጉድጓዱን፣ አየሩ ምንም እንዳልነበረ። የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለች።

«ጠይቀሽኛል። ዋሸሁሽ።»

«ለምን?»

«ልማድ ነው» አልኳት። ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁም። ከዚያ ትእዛዙ የት እንዲመታ እንደሆነ ጠየቅኋት። የከተማይቱን ስም ጠራች፤ ገበያው ነው አለች።

የሆነውን በሙሉ የሰማነው በማግስቱ ነው። የሃምሳ አለቃ ልጅ ባል ደወለ፤ የደወለውም ለእኔ እንጂ ለአማቱ አልነበረም፤ መርዶ በስልክ እንደማይነገር ከእኛ ተምሯል። የነገረኝ በተቆራረጠ ድምፅ ነው። መድፉ ሲያጓራ እሱ ቢሮ ውስጥ ነበር። ምን እንደሆነ ሊያይ ከተነሣ በኋላ ነው ማተሚያው የሠራው፤ ሁለት ወረቀት ተከታትሎ ወጣ። የመጀመሪያው ትእዛዙ ነው። ሁለተኛው አዛዡ እንደ አዲስ መልእክት የላከው ስረዛ ነው። ስረዛው በመድፈኛው ስክሪን ላይ «ደርሷል» ይላል፤ ስክሪኑ ፊት ግን ማንም አልነበረም፤ ሁሉም መድፉ ዘንድ ወጥተዋል። ሚስቱ ጨርቋን ዘርግታ ሱቋ በር ላይ ነበረች።

«እኔ በመሃል ብኖር ኖሮ» አለኝ። «ንገሪያቸው፣ እኔ በመሃል አልነበርኩም።»

ዓርብ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ አራት ፎቅ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ የሚናገሩትን በደረጃው ላይ ተከፋፍለው ነበር፤ አንዱ ስለ ጻድቁ ኢዮብ፣ ሌላው ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ። እኔ ከኋላ ቆሜ ማልቀስ ነበር ድርሻዬ። ሃምሳ አለቃ በሩን የከፈቱት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አሥረው ነው። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። አንደኛው ሽማግሌ አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሡና አስቆሙት።

«አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ልጅዎ ከትናንት በስቲያ ገበያው ሲመታ ሞታለች አልኩ። ድሮ እንዳስተማሩኝ፣ ቃል በቃል፣ ሳልፈጥን ነው የተናገርኩት።

«አልተሰማም» አሉ። «ድገሚ።»

ደገምኩ።

«ድገሚ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጆሯቸው ደክሟል መሰለኝ፤ ጮክ በይላቸው» አለኝ። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ እንደገና ነገርኳቸው። በደረጃው ሥር ማታቱዎቹ ወደ ከተማ ሰው እየጠሩ ነበር። ሃምሳ አለቃ ዓይናቸውን ከአፌ ላይ አልነቀሉም። የሚጠብቁትን አውቄ ነበር፤ እኔም አብሬ ጠበቅሁ። ሌላ ድምፅ ቢመጣ፣ የቀደመው ይሰረዝ ቢል።

«ድገሚ» አሉ። ሦስተኛው ነው።

ደገምኩ።

በሩን ለቀቁና ወደ ውስጥ ሄደው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ተቀብያለሁ» አሉ።